ለማን ኦፕራሲዮን፣ ለማን ክኒን

በደቡብ ለንደን ካርታ ላይ ስትሪትሃምን መካከል አድርጎ ዙሪያውን የሚቃኝ ሰው የዚህን ምዕራፍ ታሪክ ግማሹን እዚያው ያገኘዋል። በስተምዕራብ፣ በአውቶቡስ ብዙም ሳይርቅ፣ ቱቲንግ ላይ ሴንት ጆርጅ ሆስፒታል አለ። ከዚያ አለፍ ሲባል ዊምብልደን ነው፤ እዚያ የነበረው አትኪንሰን ሞርሊ የሚባለው የአንጎልና የነርቭ ሆስፒታል ዛሬ ተዘግቶ ስሙ ብቻ ቱቲንግ ካለው አንድ ሕንፃ ላይ ቀርቷል። በስተሰሜን ደግሞ ዴንማርክ ሂል ላይ ኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታል ይገኛል። ለንደን በ2010 የስትሮክን ድንገተኛ ሕክምና ከሠላሳ ገደማ ሆስፒታሎች ሰብስባ ለስምንት ማዕከላት ስትሰጥ፣ ኪንግስና ሴንት ጆርጅ ሁለቱም ከስምንቱ ገቡ። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንበልና ስትሪትሃም ልጃቸው ዘንድ የሚኖሩ አንዲት የሰባ ሁለት ዓመት እናት አሉ። ቡና ሲቀዱ ቀኝ እጃቸው ድንገት ከዳቸው፤ ሲኒው ወደቀ። ልጃቸው «ምን ሆንሽ እማዬ?» ስትላቸው መልሱ አፋቸው ላይ ቀረ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ እጁም ቃሉም ተመለሰ። «ድካም ነው፣ ተዪኝ እስቲ» አሏት። ልጅቷ ግን አልተወቻቸውም። በማግስቱ አንገታቸው በአልትራሳውንድ ሲታይ፣ በግራ በኩል ወደ አንጎል የሚወጣው ካሮቲድ የተባለው ደም ቅዳ ሰባ በመቶ ጠቦ ተገኘ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሳይሻል አይቀርም አለ። ስታስተረጉም የቆየችው ልጅ በመጨረሻ የራሷን ጥያቄ ጠየቀች፦ «ባትሠራስ?»

መልሱ ከጥያቄው በጣም ይረዝማል።

ካሮቲድ በአንገት ግራና ቀኝ የሚወጣ ወፍራም ደም ቅዳ ነው። ከመንጋጋ ሥር ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ቅርንጫፍ ለፊት፣ ሌላው ለዓይንና ለአንጎል። መከፈያው ላይ የደሙ ጉዞ ስለሚታወክ ስብና ካልሲየም እዚያ ይከማቻሉ። ሐኪሞች ክምችቱን ፕላክ ይሉታል። ብዙ ሰው ስትሮኩ የሚመጣው ቧንቧው እየጠበበ ሄዶ ደም ሲያንስ ይመስለዋል። አልፎ አልፎ እንደዚያ ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የፕላኩ ሽፋን ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ላይ ደም ይረጋል፣ ከዚያ የተቆረሰው ፍርፋሪ ሽቅብ ተጉዞ አንዱን ቀጭን የአንጎል ቧንቧ ይደፍናል። ለደም ማነሱማ መጠባበቂያ አለ። በአንጎል ሥር የግራው፣ የቀኙና የኋላው ቧንቧ የሚገናኙበት ቀለበት አለ፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በገለጸው በእንግሊዛዊው ሐኪም በቶማስ ዊሊስ ስም ይጠራል። ቀለበቱ የተሟላለት ሰው አንዱ ካሮቲዱ ጨርሶ ተዘግቶ እንኳ ምንም ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። «ሰባ በመቶ» የሚለው ቁጥር እንግዲህ ፕላኩ ይሰነጠቅ እንደሆነም፣ አንጎሉ ምን ያህል መጠባበቂያ እንዳለውም አይነግረንም። ሆኖም ሕክምናው ለብዙ ዘመን የተመራው በዚያ ቁጥር ነው፤ መለካት የሚቻለው እሱ ብቻ ስለነበረ።

የአንገቱን ቧንቧ ከስትሮክ ጋር በግልጽ ያያያዘው ካናዳዊው የነርቭ ሐኪም ሚለር ፊሸር ነው። በ1951 ባሳተመው ጽሑፍ ቀዶ ሐኪሞች አንድ ቀን ይህን ቧንቧ መጠገኛ መንገድ እንደሚያገኙ ገምቶ ነበር። ብዙም አልቆየ። በ1953 ሂውስተን ውስጥ ማይክል ደቤኪ የአንድ አውቶቡስ ሹፌር ካሮቲድ ከፍቶ ፕላኩን አወጣ። እሱ ግን ሥራውን ያሳተመው ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነውና ዓለም በቅድሚያ የሰማው የለንደኖቹን ነው። በግንቦት 1954 በፓዲንግተኑ ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ኢስትኮት፣ ፒከሪንግና ሮብ የተባሉ ሐኪሞች ግማሽ ጎናቸው በተደጋጋሚ እየዛለ የሚመለስላቸውን አንዲት የ66 ዓመት ሴት ሰውነታቸውን በበረዶ አቀዝቅዘው አከሟቸው። ቧንቧው ተቆልፎ ሳለ አንጎላቸው በጥቂት ኦክስጅን እንዲቆይ ነበር ማቀዝቀዙ። ሴትዮዋ ዳኑ። ከዚያ በኋላ ኦፕራሲዮኑ ማስረጃውን ቀድሞ ሮጠ፤ ማን እንደሚጠቀም በወጉ ሳይታወቅ እጅግ ብዙ አንገት ተከፈተ።

ሚዛኑ የመጣው በ1991 ነው። ናሴት በሚል ምህጻር የሚታወቀው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ማዕከሉ ሌላኛዋ ለንደን፣ የካናዳዋ፣ ነበረች፤ መሪውም ሄንሪ ባርኔት። ስትሮክ ወይም ደርሶ የሚመለስ ምልክት የታየባቸው፣ ቧንቧቸውም 70 በመቶና ከዚያ በላይ የጠበበ 659 ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ በዚያው ጎን ስትሮክ የመታቸው መድኃኒት ብቻ ከወሰዱት 26 በመቶ፣ ከተሠሩት 9 በመቶ ሆኑ። በግምት ስድስት ሰው ሲሠራ አንድ ስትሮክ ይቀራል ማለት ነው። በዚያው ዓመት የብሪታንያው ቻርልስ ዋርሎው የመራው የአውሮፓ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አገኘ። ቢሆንም ኦፕራሲዮኑ ራሱ አንድ ሰው ሳይጎዳ የሚያልፍ አልነበረም። በናሴት ከተሠሩት መቶ ሰዎች ስድስት ያህሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ስትሮክ መታቸው ወይም ሞቱ። ቧንቧቸው ከ50 በመቶ በታች የጠበበ ሰዎች ደግሞ ከኦፕራሲዮኑ ምንም አላገኙም።

ከዚያ የኦክስፎርዱ ፒተር ሮዝዌል የሁለቱን ጥናቶች ሰዎች አንድ ላይ አድርጎ በ2004 ሲመለከት፣ አንድ ነው የተባለው ጥቅም ተበታትኖ ተገኘ። ከ50 በመቶ በላይ ከጠበበባቸው ሰዎች አንድ ስትሮክ ለማስቀረት በወንዶች ዘጠኝ ሰው መሥራት ይበቃል፤ በሴቶች 36 ያስፈልጋል። ምልክቱ በታየ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሆነ አምስት፣ ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ ከሆነ 125። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሁልጊዜ ያስገርመኛል። ቧንቧው ያው ነው፣ ቢላዋው ያው ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ትኩስ የተሰነጠቀ ፕላክ ፍርፋሪውን የሚረጨው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ያንን ጊዜ ሳይመታ ያለፈ ሰው ቁስሉ እየደረቀለት ይሄዳል። የብሪታንያ የሕክምና መመሪያ በ2008 ኦፕራሲዮኑ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ያዘዘው ለዚህ ነው። እኚያ እናት «ድካም ነው» ብለው ወር ቢቆዩ ኖሮ፣ ሴት በመሆናቸው ላይ መዘግየቱ ተጨምሮ፣ የኦፕራሲዮኑ ጥቅም አብዛኛው ያልፋቸው ነበር።

ጉዳዩ በእርግጥ የሚወሳሰበው ግን ምንም ምልክት ሳይታይበት፣ ለሌላ ነገር ሲመረመር ቧንቧው ጠቦ የተገኘ ሰው ላይ ነው። ለዚህ የተደረገው ትልቁ ጥናት የተመራው ከቱቲንግ ነበር። የሴንት ጆርጅ ቀዶ ሐኪም አሊሰን ሃሊደይ 3,120 እንደዚህ ያሉ ሰዎችን ከብዙ አገሮች አሰባስባ ውጤቱን በ2004 አቀረበች። በአምስት ዓመት ውስጥ ስትሮክ ወይም በኦፕራሲዮኑ ሳቢያ ሞት የደረሰባቸው ቶሎ ከተሠሩት 6.4 በመቶ፣ ኦፕራሲዮኑ ከዘገየላቸው 11.8 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ እውነት ነው። ሲገለበጥ ግን አንድ ስትሮክ ለማስቀረት ሃያ ገደማ ጤነኛ መሳይ ሰዎች አንገታቸው ይከፈታል፤ አሥራ ዘጠኙ ምንም አያተርፉም። በዚያ ላይ ስታቲን የተባሉት የኮሌስትሮል መድኃኒቶች እየተስፋፉ፣ የደም ግፊት አያያዝም እየተሻሻለ ሲመጣ ሳይሠሩ የቀሩት ሰዎች አደጋ እየወረደ ሄደ። አሥራ ዘጠኙን ከሃያኛው መለየት አይቻልም ወይ? ምስል ወደ ጨዋታው የገባው በዚህ ጥያቄ ነው።

ምስሉም የሰፈሩ ልጅ ነው። በጥቅምት 1 ቀን 1971 በዊምብልደኑ አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ራዲዮሎጂስቱ ጄምስ አምብሮዝ፣ መሐንዲሱ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ በሠራው መሣሪያ የአንዲት ሴትን ጭንቅላት አነሣ። በሲቲ ስካን የታየ የመጀመሪያው ሕመምተኛ አንጎል ያ ነው። ምስሉ በእያንዳንዱ ጎን 80 ነጥብ ብቻ ነበረው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ ማንኛውም ፎቶ ይበልጠዋል። ግን የራስ ቅል ሳይከፈት ዕጢው ታየ። ሃውንስፊልድ በ1979 ኖቤል ተሸለመ።

ለእኛ ጉዳይ ሲቲ ያመጣው ትልቅ ነገር ዝም ያለውን ስትሮክ ማሳየቱ ነው። ፍርፋሪው እጅን ወይም አንደበትን በማያዝ የአንጎል ክፍል ላይ ካረፈ ሰውየው ምንም አይሰማውም፤ ጠባሳው ግን ይቀራል። አንድሩ ኒኮላይደስ የመራው፣ ምልክት የሌላቸውን ሰዎች ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2009 ይህን በቁጥር አሳየ። ቧንቧቸው ከ60 በመቶ በላይ ከጠበበባቸው መካከል በሲቲ እንደዚህ ያለ ጠባሳ የታየባቸው በዓመት 3.6 በመቶ ስትሮክ ሲመታቸው፣ ንጹሕ አንጎል የነበራቸው 1 በመቶ ብቻ ናቸው የተመቱት። እዚህ ላይ የራዲዮሎጂስቱ ዓይን ወሳኝ ነው። ከካሮቲድ የመጣ ፍርፋሪ ጠባሳው አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንጎሉ ልጥ ይጠጋል፤ በደም ግፊት የተጎዱ ቀጫጭን ቧንቧዎች የሚተዉት ነጥብ ግን ጥልቀት ያለው ቦታ ላይ ነው። ሁለቱን አምታቶ አንገት መክፈት ማለት የሌላውን ጥፋት በካሮቲዱ ላይ ማላከክ ነው።

ኤም አር አይ ሲመጣ ደግሞ የጠባሳው ዕድሜ መታወቅ ጀመረ። ዲፉዥን የሚባለው የኤም አር አይ ዓይነት የውኃ ሞለኪውሎችን እንቅስቃሴ ስለሚለካ፣ ደም ያጣ ሕብረ ሕዋስ በሰዓታት ውስጥ አብርቶ ይታይበታል፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላም ይደበዝዛል። በዚህ ምስል አሥር ደቂቃ የቆየው የእጅ መዛል በእርግጥ የአንጎል ጉዳይ እንደነበረ ሊረጋገጥ ይችላል። ሁለቱም ካሮቲዶች ጠበው ሲገኙም የትኛው እንደበደለ ይጠቁማል፤ በግራ በኩል ሦስት ትኩስ ነጥቦች ተረጭተው በቀኝ ምንም ከሌለ፣ ቀዶ ሐኪሙ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል።

ሁሉም መሣሪያ ግን ሥዕል አያሳይም። በ1982 ሩነ ኦስሊድ የተባለ ኖርዌጂያዊ ተመራማሪ የአልትራሳውንድ ሞገድ በጆሮ ፊት ባለው ቀጭን አጥንት በኩል አስገብቶ የአንጎልን ደም ፍጥነት መለካት እንደሚቻል አሳየ። በኋላ ሐኪሞች በዚሁ መሣሪያ ሲያዳምጡ አልፎ አልፎ አጭር፣ የጫጩት ጪጭታ የመሰለ ድምፅ ይሰሙ ጀመር። ፍርፋሪ ሲያልፍ ነው። እዚያው ሴንት ጆርጅ ሂዩ ማርከስ ይህን ድምፅ ወደ መለኪያ ቀየረው። በ2010 የታተመው ጥናቱ በ26 የሕክምና ማዕከላት ምልክት የሌላቸውን 467 ሰዎች አንድ አንድ ሰዓት እያዳመጠ ቀረጸ፤ ድምፁ የተሰማው ከስድስት በአንዱ ነው። በእነዚህ ሰዎች ላይ የዓመቱ የስትሮክ አደጋ 3.6 በመቶ፣ ድምፅ ባልተሰማባቸው 0.7 በመቶ ሆነ። ሁለተኛው ቡድን ብዙኃኑ ነው፤ ለእነሱ ኦፕራሲዮን በየትኛውም ሒሳብ አያዋጣም። ከነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች እኔ ይበልጥ የምወደው ይህንን ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ አልጋ ዳር ይሠራል። ድክመትም አለው። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች፣ አጥንታቸው ሞገዱን አያስገባም፤ አዳማጩም ሰዓቱን ሙሉ ትዕግሥት ያስፈልገዋል። በዕለት ተዕለት ሕክምና ያልተስፋፋውም በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

የፕላኩን ሆድ በኤም አር አይ ማየትም ይቻላል። ፕላኩ ውስጥ ደም ፈስሶ ከሆነ በተወሰነ የምስል ዓይነት ደምቆ ይወጣል፤ ይህ የታየባቸው ሰዎች የስትሮክ አደጋቸው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። 50 በመቶ እንኳ ያልጠበበ ቧንቧ እንዲህ ያለ አደገኛ ፕላክ ይዞ ሊገኝ ይችላል። የድሮው መለኪያ ይህን ሰው «ደህና ነህ» ብሎ ይመልሰው ነበር።

እስካሁን ያየነው ሁሉ አደጋን የሚተነብይ ነው። አደጋን መተንበይ ግን ጥቅምን ከመተንበይ ጋር አንድ አይደለም፤ ይህን ልዩነት የሚዘነጋ ሐኪም ብዙ ነው። በጣም አሳማኝ የነበረውን ሙከራ ልንገራችሁ። ካሮቲዳቸው ጨርሶ በተዘጋባቸው ሰዎች ላይ ፔት ስካን፣ አንጎላቸው ከሚደርሰው ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደሚመጥ መለካት ይችላል። ብዙ የሚመጥ አንጎል መጠባበቂያው አልቋል። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እንደዚህ ያሉትን ሰዎች በፔት መርጠው፣ ከራስ ቅል ውጭ ያለ ቧንቧ ከአንጎል ቧንቧ ጋር በመስፋት አዲስ የደም መንገድ አወጡላቸው። ሐሳቡ እንከን የሚወጣለት አልነበረም። በ2011 ውጤቱ ሲታተም ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ከተሠሩት 21 በመቶ፣ ካልተሠሩት 22.7 በመቶ ስትሮክ እንደመታቸው ታወቀ። ምስሉ አልተሳሳተም፤ የመረጣቸው ሰዎች በእርግጥ አደጋ ላይ ነበሩ። ቢሆንም ከተሠሩት 14 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ስለተመቱ፣ የተሠፋው ቧንቧ ያተረፈውን ኦፕራሲዮኑ በላው። ያልተሠሩትም ቢሆኑ የተፈራውን ያህል አልተመቱም፤ መድኃኒቱ ከተገመተው በላይ ሠርቷል።

ጥቅምን ራሱን ወደ መተንበይ የቀረበው፣ በእኔ ግምት፣ ከለንደኑ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በማርቲን ብራውን የተመራው ዓለም አቀፍ ጥናት ነው። አንገት ከፍቶ ፕላኩን ማውጣትን በብሽሽት ቧንቧ ገብቶ የጠበበውን ቦታ ከፍቶ የሚይዝ፣ ስቴንት የተባለ የሽቦ ቱቦ ከማስቀመጥ ጋር አነጻጸረ። ከታካሚዎቹ የተወሰኑት በፊትና በኋላ ኤም አር አይ ተነሥተው ነበር። ስቴንት ከገባላቸው ግማሾቹ አዲስ ትኩስ ነጥብ አንጎላቸው ላይ ተገኘ፤ ከተሠሩት ግን 17 በመቶ ብቻ። ከዚያ በ2013 አጥኚዎቹ ወደ ቅድመ ሕክምናው ስካን ተመልሰው የአንጎሉን ነጭ ክፍል ተመለከቱ። ዕድሜና የደም ግፊት በዚያ ክፍል ላይ የሚተዉት ጉዳት በነጥብ ይሰላል። ጉዳታቸው ሰፊ የሆነው ሰዎች ስቴንት ሲገባላቸው የስትሮክ አደጋቸው ከኦፕራሲዮኑ ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ፤ አንጎላቸው ያልተጎዳው ግን በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየባቸውም። ማንኛውም ሆስፒታል ያለው ተራ ሲቲ፣ ለማን ቢላዋ ለማን ስቴንት የሚለውን ሊለይ ቻለ ማለት ነው። አዲስ መሣሪያ አላስፈለገም፤ የነበረውን ፊልም በሌላ ዓይን ማንበብ በቂ ነበር።

የቅርብ ዓመታት ዜና ከዚህ ሁሉ ጋር ይጋጫል ወይስ ይስማማል? ይኸው ቡድን በሁለተኛው የአውሮፓ ጥናት አደጋቸው ዝቅተኛ ወይም መካከለኛ ነው ተብለው የተለዩ 429 ሰዎችን ወስዶ፣ በኤም አር አይ ብቻ የሚታዩ ዝምተኛ ስትሮኮችን ሳይቀር ቆጠረ። በ2025 ባወጣው የሁለት ዓመት ውጤት፣ በዘመናዊ መድኃኒት ላይ ኦፕራሲዮን ወይም ስቴንት መጨመር የተለየ ጥቅም አላሳየም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክሬስት 2 የተባለው የአሜሪካ ጥናት በበኩሉ፣ ምልክት በሌላቸው ሰዎች ላይ ስቴንት የአራት ዓመቱን አደጋ ከ6 ወደ 2.8 በመቶ ማውረዱን ዘገበ፤ ኦፕራሲዮኑ ያሳየው ቅናሽ ግን በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችል ልዩነት አልራቀም። ሁለቱም ጥናቶች ሰዎቹን በፕላካቸው ጠባይ ወይም ከአንጎላቸው በሚሰማው ጪጭታ አልመረጡም። ያ ሙከራ ገና ይቀራል።

ለሐበሻ አንባቢ አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። በ1999 የታተመ የደቡብ ለንደን የስትሮክ መዝገብ ጥናት፣ ጥቁር ነዋሪዎች ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ በስትሮክ እንደሚመቱ አሳይቶ ነበር። ማርከስና ባልደረቦቹ በ2007 ጠለቅ ብለው 1,200 ሕመምተኞችን በስካን ሲለዩ፣ በጥቁሮቹ ላይ ይበልጥ የሚታየው ቀጫጭኖቹ የአንጎል ቧንቧዎች የሚጎዱበት ዓይነት ሆነ፤ ከካሮቲድ የሚመጣው በነጮቹ ላይ በርከት ይላል። በአገር ቤት ሆስፒታሎችም ከደም ግፊት ጋር የተያያዘው፣ ደም በመፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ ሳይቀር፣ ትልቅ ድርሻ አለው። እንግዲህ ከአልትራሳውንዱ ክፍል «የአንገቱ ቧንቧ ክፍት ነው» የሚል ወረቀት ሲወጣ፣ ቤተሰቡ እፎይ ብሎ ወደ ቤት ለመሄድ ሲነሣ፣ የነርቭ ሐኪሙ ኤም አር አዩ ላይ የተበተኑትን ጥልቅ ነጥቦች እያየ የደም ግፊት መለኪያውን ወደ ክንድ ያመጣል። ለእነዚያ ነጥቦች የሚከፈት አንገት የለም፤ የሚሰጠው ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ የግፊት ክኒን ነው።